ለሞሰብ ቁመት የሚመጥን የሕፃን መመገቢያ ወንበር፤ ከደሴ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2። ትእዛዙና አሮጌው ወንበር

ትእዛዙ አጭር ነው፦ ሰባት ወር የሞላው ሕፃን ተቀምጦ የሚበላበት፣ ሦስት ዓመት እስኪሞላው የሚያገለግል፣ ጠባብ ቤት የማያጣብብ ወንበር። ቤቱ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ምግብ በሞሰብ ይቀርባል፤ ትልልቆቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይከባሉ።

ከትእዛዙ ጋር አንድ ያገለገለ የፕላስቲክ ወንበር መጥቷል። መቀመጫው ከመሬት 56 ሳ.ሜ. ይርቃል፤ አራት የብረት ቱቦ እግሮችና ከፊት የሚገጠም ማዕድ አለው። ጥያቄው "ይጠገናል ወይ?" የሚል ነው።

ተገልብጦ ታየ። የወገብ ቀበቶው አለ፤ በጭን መካከል የሚያልፈው ግን ተቆርጦ ጠፍቷል። የፊት ማዕዱ በግራ በኩል መቆለፊያው ተሰብሯል። ከአራቱ የእግር ላስቲኮች ሁለቱ የሉም፤ የቱቦው ጫፍ ሲሚንቶውን ይቧጥጣል። እስከዚህ ድረስ የሚጠገን ነው። የማይጠገነው እግሮቹ በሚገቡበት ቦታ ላይ ያለው ፕላስቲክ ነው። ነጣ ብሎ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ወጥተውበታል። ፀሐይ ላይ የከረመ ፕላስቲክ እንዲህ ይሆናል፤ በኮላም በብረት ማሰሪያም አይድንም፣ ምክንያቱም ስንጥቁ በየቀኑ ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

ያገለገለ ወንበር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበትም ይህንኑ ነው። ቀለሙንና ሥዕሉን ትቶ የእግሩን መግቢያ፣ ቀጥሎ የጭን መካከል ቀበቶውን፣ ከዚያ መቆለፊያውን ይመልከት። የሚታጠፍ ወንበር ከሆነ ደግሞ መቆለፊያው "ቀጭ" ካለ በኋላ እግሮቹን በሁለት እጅ ገፍቶ ለማጠፍ ይሞክር። የሚላላ ከሆነ ልጁ ውስጡ እያለም ይታጠፋል።

ውሳኔ፦ አይጠገንም። ስንጥቁ ባይኖርም ቁመቱ ለዚህ ቤት አይሆንም ነበር።

ኅዳር 3። ልኬት

ሞሰቡ 54 ሳ.ሜ.፣ በርጩማው 30 ሳ.ሜ.። 56 ሳ.ሜ. ላይ የሚቀመጥ ሕፃን ትልልቆቹን ከላይ ወደ ታች ያያል፤ የሚያጎርሰው ሰው ክንዱን አንስቶ ነው የሚያጎርሰው፤ ልጁም ወደ ሞሰቡ ለመድረስ ወደ ጎን ይጎነበሳል። ይህ ዓይነት ወንበር የተፈጠረው ከ70 ሳ.ሜ. በላይ ለሆነ የምግብ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ በሌለበት ቤት የሚያተርፈው የመውደቂያ ከፍታውን ብቻ ነው። ስለዚህ የመቀመጫው ቁመት 34 ሳ.ሜ. ይሁን ተባለ፤ ከበርጩማው ትንሽ ከፍ ብሎ ዓይን ለዓይን የሚያገናኝ።

ዝቅ ማለቱ ለሚዛንም ይጠቅማል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የሦስት ዓመት ልጅ 14 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲቀመጥ የክብደቱ መሃል ከመቀመጫው በላይ 22 ሳ.ሜ. አካባቢ ይሆናል። ወንበሩ 7 ኪሎ ቢመዝንና የራሱ የክብደት መሃል 30 ሳ.ሜ. ላይ ቢሆን፣ የሁለቱ አንድ ላይ 47 ሳ.ሜ. ላይ ያርፋል። የእግሮቹ ስፋት 43 ሳ.ሜ. ከሆነ ወደ ጎን ለመገልበጥ 24 ዲግሪ ገደማ መጋደል አለበት። በዚያው የእግር ስፋት መቀመጫው 55 ሳ.ሜ. ላይ ቢሆን 18 ዲግሪ ይበቃዋል።

የሕፃኑ ልክ፦ ከቂጥ እስከ ጉልበት መታጠፊያ 17 ሳ.ሜ.፣ ከጉልበት መታጠፊያ እስከ ተረከዝ 16 ሳ.ሜ.፣ ተቀምጦ ክርኑ ከመቀመጫው 14 ሳ.ሜ.፣ የዳሌ ስፋት 17 ሳ.ሜ.። በዚህ መሠረት የመቀመጫው ስፋት በውስጥ በኩል 28፣ ጥልቀቱ 24 ሆኖ አሁን ከጀርባ 6 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው ትራስ ይገባል፤ ልጁ ሲያድግ ትራሱ ይወጣል። መቀመጫው ከጭኑ ከረዘመ ልጁ ጀርባውን ለማስደገፍ ወደ ኋላ ሲንሸራተት እግሩ ተዘርግቶ ይቀራል፤ ወይ ደግሞ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይጎብጣል። የጎበጠ ልጅ ጥሩ አይውጥም።

ልጁ ለወንበር ደርሷል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምግብ እንዲጀመር የሚመክረው ስድስት ወር ሲሞላ ነው። ለወንበር ግን ዕድሜው ብቻውን አይበቃም፤ አንገቱ መጽናት፣ ምንጣፍ ላይ ሲያስቀምጡት ሳይደገፍ መቆየት አለበት። ኢ.ኤን 14988 የሚባለው የአውሮፓ የደረጃ መለኪያም ራሳቸውን ችለው መቀመጥ ለሚችሉ፣ ከ6 እስከ 36 ወር ላሉ ልጆች የተጻፈ ነው። ይህኛው ልጅ ሳይደገፍ ተቀምጧል።

ደንበኛዋ ጎማ እንዲገጠምለት ጠይቀዋል። ጎማ አይገጠምም። ሲሚንቶ ላይ ጎማ ያለው ወንበር በታላቅ ወንድም እጅ መኪና ይሆናል።

ኅዳር 5። እንጨት

ባሕር ዛፍ ደሴ ዙሪያ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው፣ ጠንካራም ነው። ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ምስማር ሲገባበትም ይፈነዳል። ለጣራ ጥሩ ነው፤ ልኩ በሚሊ ሜትር ለሚጠበቅ ወንበር ግን ሁለት ዓመት ያረፈ ካልተገኘ አይመረጥም። ግራቪሊያ መልኩ ያምራል፤ ጭማቂውና ብናኙ ግን ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ሕፃን ለሚነካው ነገር ተተወ። ዋንዛ ከሁሉም ይሻል ነበር። ከመንግሥት ደን መቁረጡ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዋንዛ አይገዛም።

የተመረጠው የፈረንጅ ጥድ ነው። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ጉጡ ትንንሽ ነው። ጉዳቱ ለስላሳነቱ ነው፤ ምስማር በጊዜ ይላላበታል። ስለዚህ ምስማር አንድም ቦታ አይገባም፤ በሽብልቅ፣ በኮላና በቪቴ ይያያዛል። በልጁ ጭኖች መካከል ለሚቆመው የጭን ምሰሶ፣ ለሽብልቆቹና ለመቆለፊያ ካስማዎቹ ወይራ።

የተገዛው፦ 4.5 በ4.5 ሳ.ሜ. ሞራሌ 2 ሜትር ለእግር፤ 4.5 በ7 ሳ.ሜ. 80 ሳ.ሜ. ከመቀመጫው ሥር ሆነው እግሮቹን ለሚይዙት መሸከሚያ አግዳሚዎች፤ 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ 20 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ጣውላ 4 ሜትር ለመቀመጫ፣ ለጀርባ፣ ለጎንና ለመርገጫ። ጉጥ ያለበት ክፍል ለመቀመጫው ይሆናል፤ እግር ላይ ግን ጉጥ አይፈቀድም፣ ጭነት ሲበዛ የሚሰበረው እዚያ ነውና።

ኅዳር 8። እርጥበት

ጣውላው የመጣው ኮምቦልቻ ካለ ማከማቻ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ትሞቃለችም፤ እንጨት እዚያ ቶሎ ይደርቃል። ቶሎ የደረቀ ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከጣውላው መሃል (ከጫፉ አይደለም፣ ጫፉ ሁልጊዜ ይደርቃል) ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ተመዘነ፦ 312 ግራም። ከ100 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ከቆየ በኋላ 274 ግራም። ልዩነቱ 38፤ ለደረቁ ሲካፈል 14 በመቶ ገደማ። ይሠራል። ከ18 በላይ ቢሆን መጠበቅ ነበረበት፤ ካልሆነ ቤት ውስጥ ሲደርቅ ቀዳዳው ክብነቱን አጥቶ፣ እግሩ ቀጥኖ ወንበሩ ይንቃቃል።

ኅዳር 12። መቁረጥና መላግ

ጣውላው ተላገ፤ የመቀመጫው 2 ሳ.ሜ.፣ ጎኖቹ 2.5 ሳ.ሜ. ሆነው ቀሩ። የተቆረጠው፦

እግር 4፣ እያንዳንዱ 38 ሳ.ሜ.። ትክክለኛው ርዝመት 34.5 ሳ.ሜ. አካባቢ ነው፤ ትርፉ በኋላ ይቆረጣል።
መሸከሚያ አግዳሚ 2፣ 35 ሳ.ሜ.።
መቀመጫ 33 በ26 ሳ.ሜ.፣ ከሁለት ጣውላ ተጣብቆ። ከ26ቱ 2 ሳ.ሜ. ጀርባው የሚያርፍበት ነው።
ጀርባ 28 በ38 ሳ.ሜ.።
ጎን 2፣ ከመቀመጫው በላይ 17 ሳ.ሜ.።
መርገጫ 26 በ15 ሳ.ሜ.፤ እሱን የሚይዙ 2 ቋሚዎች፣ 12 ሳ.ሜ. ስፋትና 26 ሳ.ሜ. ቁመት።

ጀርባው በዘንግ በዘንግ ሳይሆን ድፍን ተደረገ። በዘንግ መሥራት ይቀልላል፣ ያምራልም፤ ግን በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለልጅ ጣት ወጥመድ ይሆናል። ከ7 እስከ 12 ሚ.ሜ. ያለ ቀዳዳ ወይም ክፍተት አደገኛው ነው፤ ትንሽ ጣት ይገባል፣ አይወጣም። መለኪያ ለሌለው ሰው፦ እርሳስ የሚገባበት፣ የትልቅ ሰው ትንሿ ጣት ግን የማትገባበት ቀዳዳ ካለ ያ ወንበር አይገዛ፣ ወይም ቀዳዳው ይደፈን።

ኅዳር 14። እግሮቹ

ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ጥሩ ወንበር ከመጥፎ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ፣ ሦስት እግር ወይስ አራት? የአፈር ወለል ባለበት ቤት በርጩማ ሦስት እግር የሚኖረው በምክንያት ነው፤ ሦስት እግር ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም። ግን አለመወላገድና አለመገልበጥ ለየቅል ናቸው። እግሮቹ ከመሃል እኩል ርቀው ቢተከሉ፣ ባለ ሦስት እግር የሚገለበጥበት መስመር ከመሃሉ የዚያን ርቀት ግማሽ ነው የሚርቀው፤ ባለ አራቱ 70 በመቶውን። ትልቅ ሰው በርጩማ ላይ ሲጋደል እግሩን መሬት ያስደግፋል፤ ቀበቶ የታሰረ ሕፃን አይችልም። አራት እግር ሆነ፤ መወላገዱ በኋላ ተቆርጦ ይስተካከላል።

ማዕዘኑ፦ የፊቶቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ 20 ዲግሪ፤ አራቱም ወደ ጎን 9 ዲግሪ። መቀመጫው ሥር 32 ሳ.ሜ. ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ እግር ከተነሣበት ቀዳዳ 11.6 ሳ.ሜ. ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ፣ 5 ሳ.ሜ. ወደ ጎን ይወጣል።

ሁለት ማዕዘን በአንድ ቀዳዳ በዓይን አይበሳም። በመጀመሪያ ከትርፍ ሞራሌ ላይ በ20 እና በ9 ዲግሪ የተቆረጠ መሪ እንጨት ተዘጋጀ፤ መሸከሚያው አግዳሚ ሥራ ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ ታሰረ፣ መሪው እንጨት ከጎኑ ቆመ፣ የትራፓኖው ፑንታ እሱን ተከትሎ ወረደ። ቀዳዳው 25 ሚ.ሜ.፣ ከአግዳሚው ጫፍ 3 ሳ.ሜ. ገባ ብሎ። ከዚያ ወደ ጫፉ ከተጠጋ አግዳሚው ይሰነጠቃል። ከሥር ማስደገፊያ ጣውላ ካልተደረገ ፑንታው ሲወጣ እንጨቱን ይቦጭቀዋል።

የእግሩ ራስ በመሮና በብርጭቆ ወረቀት ክብ ተደርጎ 25 ሚ.ሜ. ላይ ደረሰ፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲደረግ የሚገባ፣ በእጅ ብቻ የማይገባ። በእጅ የገባ እንደሆነ ላልቷል ማለት ነው፤ ኮላ ክፍተት አይሞላም። በራሱ ላይ ለሽብልቅ 2 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በመጋዝ ተከፈተ። ሽብልቁ የሚገባበት አቅጣጫ ወሳኝ ነው፤ ከአግዳሚው የእንጨት መስመር ጋር መስቀልኛ መሆን አለበት። አብሮ ከሄደ ሽብልቁ ራሱ አግዳሚውን ይሰነጥቀዋል።

በእግሮቹ መካከል ከመሬት 10 ሳ.ሜ. ላይ ማያያዣ አግዳሚ በሁለቱ ጎንና በኋላ ገባ። በፊት በኩል አልገባም፤ የልጁ መርገጫ እዚያ ነው።

ኅዳር 15። ኮላ

ነጭ ኮላ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ አይያያዝም፤ ደርቆ ሲታይ እንደ ጠመኔ ነጭ ዱቄት ይሆናል። የኅዳር ሌሊት ደግሞ ደሴ ላይ ምሕረት የለውም። የተጣበቀው ሁሉ ወደ ቤት ገብቶ በሞርሳ እንደታሰረ አደረ። ሙሉ ቀን ሳይሞላው አይነካም።

ኅዳር 17። የጭን ምሰሶና ቀበቶ

ሕፃን ከወንበር ሲወድቅ ሁሉም የሚያስበው ወደ ላይ ተነሥቶ ሲወጣ ነው። የከፋው ወደ ታች ተንሸራቶ መውጣቱ ነው፤ ገላው ከፊቱ በሚገጠመው ማዕድ (ትሪ) ሥር ያልፍና ራሱ ይያዛል፣ በአንገቱ ይንጠለጠላል። የጭን ምሰሶው የሚቆመው ለዚህ ነው።

ምሰሶው ከወይራ ነው፤ 5 ሳ.ሜ. ስፋት፣ 3 ሳ.ሜ. ውፍረት፣ ጠርዙ በሙሉ ተድበልብሎ። የተተከለው መቀመጫው ላይ ነው እንጂ ትሪው ላይ አይደለም። ከትሪው ጋር የሚነሣ ምሰሶ ያላቸው ወንበሮች ገበያ ላይ አሉ፤ ትሪው ለማጠብ በወጣ ቁጥር መከላከያውም አብሮ ይወጣል፣ አይገዙም። በምሰሶውና በጎኑ መካከል 11.5 ሳ.ሜ. ይቀራል፤ ጭን ያልፋል፣ 17 ሳ.ሜ. የሆነ ዳሌ ቀጥ ብሎ አያልፍም። ገላውን ያጣመመ ልጅ ግን መንገድ አያጣም፤ ምሰሶው ቀበቶን አይተካም።

ቀበቶው 25 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው የቦርሳ ማንገቻ ናይለን፣ ከሰኞ ገበያ በሜትር የሚሸጠው፤ 3 ሜትር በቅቷል። ዘለበቱ ሁለት ጎኑ ተጭኖ የሚከፈት። አምስት ቦታ ይያዛል፦ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ በጭን መካከል። የወገብ ብቻ ከሆነ ልጁ ተነሥቶ ይቆማል፤ ቆሞ ሲጋደል ደግሞ ያ የ47 ሳ.ሜ. ሂሳብ ይፈርሳል። ማንገቻው የሚያልፍበት ስንጥቅ 30 በ5 ሚ.ሜ. ነው፣ ከ7 በታች። ከኋላ እጥፍ ተደርጎ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር በቪቴ ተያዘ፤ ሮንዴላ ከሌለ የቪቴው ራስ ናይለኑን ቀስ በቀስ ይቀደዋል። ቪቴው የሚያልፍበት ቀዳዳ በጋለ ወስፌ ይበሳ፣ በመቀስ አይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ካልታሸገ ይተረተራል። ተስተካክሎ የሚቀረው ጫፍ ከ22 ሳ.ሜ. በላይ አይንጠልጠል፣ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

በነጠላ ማሰር የለመደ ቤት ብዙ ነው። ነጠላ ይላላል፤ ልጁ ሲንሸራተት ከወገብ ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ አንገት ይወጣል።

ኅዳር 19። መርገጫና ትሪ

የእግር መርገጫ እንደ ጌጥ የሚታይበት ጊዜ አለ። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ይወራጫል፣ ይደክመዋል፣ ጀርባውን ማቅናት ያቅተዋል። ከልጁ ጋር የሚያድግ መርገጫን ያስለመደው ኖርዌጂያዊው ንድፍ ሠሪ ፒተር ኦፕስቪክ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትሪፕ ትራፕ የሚባል ወንበር ነው፤ መቀመጫውም መርገጫውም በጎድጓዳ መስመሮች ከፍ ዝቅ ይላሉ። እዚህ የተወሰደው መርገጫው ብቻ ነው። በሁለቱ ቋሚዎች ላይ 8 ሚ.ሜ. ጥልቀት ያላቸው ሦስት መስመሮች ተፈለፈሉ፣ ከመቀመጫው 17፣ 20 እና 23 ሳ.ሜ. ዝቅ ብለው። አሁን 17ቱ ላይ ነው። መርገጫው በሁለት ቪቴ ከውጭ ይያዛል፤ እንደ መሳቢያ ዝም ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ አንድ ቀን ወጥቶ ይገኛል።

ከመቀመጫው ፊት 9 ሳ.ሜ. ይወጣል። የፊት እግሮቹ ጫፍ 10 ሳ.ሜ. ላይ ነው። ይህ አንድ ሴንቲ ሜትር በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ መርገጫው ከእግሮቹ ካለፈ ልጅ የረገጠበት ቀን ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል።

ለማዕዱ እንጨት ከማለስለስ ይልቅ ቤት ያለ የማይዝግ ብረት ትሪ የሚያቅፍ ክፈፍ ተሠራ። ገንፎ የደረቀበትን እንጨት በቀን ሦስት ጊዜ መፋቅ እንጨቱንም እናቱንም ያስመርራል። ትሪው ከነጠርዙ ክፈፉ ውስጥ ገብቶ ከላይ በእንጨት ከንፈር ይያዛል፤ ልጁ ሊያነሣው አይችልም። አንድ ጥንቃቄ፦ ብረት ሙቀት ቶሎ ይቀበላል፤ ትኩስ አጥሚት ከፈሰሰበት የልጁ ክንድ ያረፈበት ጠርዝም ይግላል።

ክፈፉ በሁለቱ ጎኖች ላይ እየተንሸራተተ ይገባና በወይራ ካስማ ይቆለፋል። ለካስማው ቀዳዳ መጀመሪያ የታሰበው 10 ሚ.ሜ. ነበር፤ ግን ካስማው ያልገባባቸው ቀዳዳዎች ክፍት ይቀራሉ፣ 10 ደግሞ በዚያ በከለከልነው መካከል ነው። 14 ሚ.ሜ. ሆነ። ካስማው 7 ሳ.ሜ. ርዝመት አለው። ሕፃን የሚያንቅ ነገር የሚለየው 31.7 ሚ.ሜ. ስፋት ባለውና በጥልቀቱ ከ57 ሚ.ሜ. በማያልፍ የመለኪያ ቱቦ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር ያንቃል፣ 7 ሳ.ሜ. ካስማ ብቅ ይላል። በአጭር ገመድም ክፈፉ ላይ ታስሯል።

በትሪውና በልጁ ሆድ መካከል የትልቅ ሰው እጅ በጠፍጣፋው ይግባ፤ 3 ሳ.ሜ. ያህል።

ኅዳር 21። ፈተና

መጀመሪያ ጭነት፦ ግማሽ ኩንታል ጤፍ መቀመጫው ላይ ተጭኖ ዋለ። የኋላ ግራ እግር ሲነካ ትንሽ ይጮኻል። ሽብልቁ እስከ መጨረሻ አልገባም ነበር፤ ተመትቶ ገባ፣ ከጎን በ8 ሚ.ሜ. የወይራ ካስማ ተጠናከረ፣ ድምፁ ጠፋ።

መወላገድ፦ በጠፍጣፋ ብረት ላይ ሲቀመጥ የፊት ቀኝ እግር 2 ሚ.ሜ. ይንጠለጠላል። ሦስቱ በዚያው ልክ ተቆረጡ። አጭሩን እግር በካርቶን ማስደገፍ ለአንድ ሳምንት ነው።

ማጋደል፦ 15 ኪሎ አሸዋ በጠባብ ከረጢት ቆሞ፣ በአምስቱም ቀበቶ ታስሮ። ከረጢቱ ዝርፍጥ ብሎ መቀመጫው ላይ ከተኛ ፈተናው ውሸት ይሆናል፤ የልጅ ክብደት ከፍ ብሎ ነው ያለው፣ ከረጢቱም 45 ሳ.ሜ. ያህል መቆም አለበት። ወንበሩ 80 ሳ.ሜ. ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ ተቀመጠ። የጣውላው ጫፍ 20.7 ሳ.ሜ. ሲነሣ 15 ዲግሪ ነው፤ ምንም። 27.4 ሳ.ሜ. ሲነሣ 20 ዲግሪ፤ አሁንም ቆሟል። 31 ሳ.ሜ. አካባቢ የላይኛው እግር ተነሣ። ከሂሳቡ ብዙ አልራቀም። መርገጫው ጫፍ ላይ ያንኑ 15 ኪሎ ብቻውን ማስቀመጥም ወንበሩን አልደፋውም።

ወደ ኋላ መጎተት፦ የመስቀያ ሚዛን በጀርባው ጫፍ፣ 72 ሳ.ሜ. ላይ ታስሮ ቀስ ተብሎ ተጎተተ። የፊት እግሮች የተነሡት 6 ኪሎ ተኩል ላይ ነው። ያው አሮጌ ፕላስቲክ ወንበር በተመሳሳይ ከረጢት 4 ኪሎ ተኩል ላይ ተነሣ።

መንሸራተት፦ ሲሚንቶው ላይ ባዶ እንጨት ይንሸራተታል። ለዚህ ሁሉም ሰው ላስቲክ ይለጥፋል፤ እዚህ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሚንሸራተት ወንበር ተገፍቶ ይሄዳል፤ የማይንሸራተት ወንበር ተገፍቶ ሊገለበጥ ይችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ልጁ የሚገፋበት ከፍታ ነው። በዚህ ወንበር ላይ ያለ ልጅ እግሩን ሞሰብ ወይም ግድግዳ ላይ ተክሎ ቢገፋ ኃይሉ ከመሬት 17 ሳ.ሜ. አካባቢ ያርፋል፤ በ15 ኪሎ ልጅ ወንበሩን ለመገልበጥ 28 ኪሎ ያህል ግፊት ይፈልጋል፣ ከዚያ በፊት ላስቲክም ቢኖር ይንሸራተታል። በረጅም ወንበር ግን 40 ሳ.ሜ. ላይ የተገፋ እንደሆነ 12 ኪሎ ተኩል ይበቃል፤ ያንን ላስቲኩ ከያዘው ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ላስቲክ ለዝቅተኛው ወንበር መልካም ነው፤ ረጅም ወንበር ያለው ሰው ግን ላስቲኩን ከማሰብ በፊት ወንበሩን ልጁ እግሩን ከሚተክልበት ነገር ሁሉ ያርቅ።

ከበረባሶ የተቆረጠ 5 ሚ.ሜ. ላስቲክ በአራቱም እግር ሥር በኮላና በሁለት ሁለት ቪቴ ተያዘ፤ የቪቴው ራስ ላስቲኩ ውስጥ ሰምጦ።

ኅዳር 24። ማለስለስና ዘይት

ብርጭቆ ወረቀት 80፣ ቀጥሎ 120፣ በመጨረሻ 180። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ደረቀ፤ ውኃው የተኛውን ጭረት ያስነሣዋል፣ በ180 እንደገና ተለሰለሰ። ይህ ካልተደረገ ምግብ በፈሰሰ ማግሥት ወንበሩ ይሻክራል።

ቀለም የለም። ልጁ ጥርስ እያወጣ ስለሆነ የጎኑን ጠርዝ ይነክሳል። በኢትዮጵያ ለቀለም የተፈቀደው የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) አይበልጥም፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቆርቆሮ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን በዓይን አይታይም፣ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ ያጠራጥራል። ያገለገለ ባለቀለም ወንበር ላይ ቀለሙ እየተቀረፈ ከሆነ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ ብናኙ ከቀለሙ ይብሳል።

የወሎ ተልባ እዚህ ይጠቅማል። ለምግብ የተጨመቀ የተልባ ዘይት አራት እጅ፣ ንጹሕ ሰም አንድ እጅ፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ቀልጦ ተቀላቀለ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይደረግም። በስሱ ተቀባ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈው ተጠረገ። የተልባ ዘይት አየር እያገኘ ይጠነክራል፤ ወፍራም ከተቀባ ግን ላዩ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ቅቤ ወይም ሌላ የተለመደ የምግብ ዘይት አይሆንም፣ አይደርቅም፣ ይሸታል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ አይጣልም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውኃ ውስጥ ገብቶ አደረ።

ኅዳር 27። ሁለተኛ ቅብ።

ታኅሣሥ 1። ሦስተኛ ቅብ፣ የመጨረሻ።

ታኅሣሥ 15። ርክክብ

ዘይቱ በጣት ሲነካ አይጣበቅም፤ የሽታው ቅሪት ጠፍቷል። ክብደቱ 7 ኪሎ ከ200 ግራም።

ቤቱ ውስጥ ቦታው ተመረጠ። ከሞሰቡ ግማሽ ሜትር፤ ሞሰብ ቀላል ነው፣ ልጁ በእግሩ ቢገፋው ወንበሩ ሳይነቃነቅ ሞሰቡ ከነወጡ ይሄዳል። ቡና ከሚፈላበት ከሰል፣ ከጀበናውና ከዕጣን ማጨሻው ቢያንስ ሁለት ሜትር። በረካ እስኪጠጣ ልጁ ወንበሩ ላይ አይቆይም፤ ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎም ትሪው ላይ አይቀመጥም፣ ጥርስ የሌለው ልጅ ይታነቃል።

ለደንበኛዋ የተነገረው፦ መጀመሪያ ቀበቶ፣ ከዚያ ትሪ፤ ሲወጣ መጀመሪያ ትሪ፣ ከዚያ ቀበቶ። ልጁ ወንበሩ ላይ እያለ ወንበሩ አይነሣም። ቪቴዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠበቁ፣ እንጨቱ ቤቱን ሲለምድ ትንሽ ይላላሉ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ። ክረምት ሲገባ ትሪው በጎኖቹ ላይ ቢከብድ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል ማለት ነው፤ አይፋቅ፣ መስከረም ላይ ይመለሳል። ተረከዙ መርገጫውን እየገፋ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከተነሣ መርገጫው ወደ 20 ይውረድ። የጀርባው ትራስ የሚወጣው ጭኑ ከመቀመጫው ጠርዝ ሁለት ጣት ሲያልፍ ነው።